አባትየው ያልሆነለትን ልጅቷ እንዴት ቻለችው? የካርተር ፎልድ ጉዳይ

ከራሴ ልጀምር፣ ምክንያቱም ይሄን ጉዳይ ማጥናት የጀመርኩት ከራሴ ኪሳራ ተነስቼ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ሶስተኛ ዓመቴ ነው፣ እዚህ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው፣ ጡረታ የወጣ ሐበሻ ደግሞ ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ፣ "ጋሼ፣ እርሶ እኮ ጊዜ አሎት" እየተባለ ያልገባበት ኮሚቴ የለም። አምና ለአገር ቤት አንድ ትምህርት ቤት ዴስክ መግዣ ብለን ኮንሰርት አዘጋጀን። አዳራሽ ተከራየን፣ ዘፋኝ ከነኪቦርዲስቱ ቲኬት ቆርጠን አስመጣን፣ ሆቴል፣ ሳውንድ ሲስተም፣ ሴኪዩሪቲ፣ ኢንሹራንስ፣ ፍላየር፣ ምኑ ቅጡ። ፍላየሩ ላይ ማታ 3 ሰዓት ይላል፣ ዘፋኙ መድረክ ላይ ሲወጣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኗል፣ ልጅ ያላቸው ተነስተው ሄደዋል፣ እኔም በር ላይ ቲኬት እየቆረጥኩ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ሁሉም ሂሳቡን ተቀብሎ ሲያበቃ የተረፈው ገንዘብ ለአንድ ክፍል ዴስክ አይሞላም። ትምህርት ቤቱ ፎቶ ላኩልን አለ፣ ምን ፎቶ?

ይሄን ለአንድ የድሮ የስራ ባልደረባዬ ሳወራለት፣ ፈረንጅ ነው፣ ከደቡብ ምዕራብ ቨርጂኒያ የተራራ አገር ነው የመጣው፣ እኛ ጋ ያለውን፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ የድሮ ሙዚቃ የሚቀርብበትን የካርተር ፎልድን ሄደህ እየው አለኝ። ስድስት ሰዓት ያስነዳል። ሄድኩ። ከዛ ታሪኩን ከስር ከስሩ መከታተል ጀመርኩ፣ እና ለኛ አይነት ኮሚቴ ከዚህ የበለጠ የሚጠና ነገር የለም ብዬ ስለማምን ያገኘሁትን ልጻፍላችሁ። ዓመተ ምህረቱም፣ ወሩም፣ ቀኑም ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ካንትሪ ሙዚቃን እኛ የምናውቀው በኬኒ ሮጀርስና በዶን ዊሊያምስ ካሴት ነው፣ ታክሲ ውስጥ፣ ቡና ቤት ውስጥ፣ ቃሉ ሳይገባንም አብረን ያንጎራጎርነው ማለት ነው። የነዛ ሁሉ ሥር ከሚመዘዝባቸው ቦታዎች አንዱ ግን ስኮት ካውንቲ የሚባል ወረዳ ውስጥ ክሊንች ከሚባለው ተራራ ስር ያለ ጠባብ ሸለቆ ነው። ስሙ ፑር ቫሊ ይባላል፣ ድሃ ሸለቆ እንደማለት፣ አፈሩ ለእርሻ ስለማይረባ። እዛ በ1891 ኤፒ ካርተር የሚባል ሰው ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እናቱ እርጉዝ ሳለች መብረቅ አጠገቧ ስለወረደ ነው ብለው ያወሩ ነበር ቤተሰቦቹ። የፍራፍሬ ችግኝ እየዞረ የሚሸጥ ሰው ነበር፣ ሚስቱ ሳራ ደግሞ ድምጿ ወፍራም፣ ኦቶሃርፕ የሚባል ደረት ላይ ታቅፈው የሚመቱት ባለ ብዙ ክር መሳሪያ ትጫወታለች።

ነሐሴ 1927 ኤፒ፣ ሳራና የሳራ አክስት ልጅ ሜይቤል መኪና ተውሰው፣ ጎማ እየፈነዳባቸው፣ ብሪስቶል ከተማ ገቡ። ብሪስቶል ዋናው መንገዷ መሃል ለመሃል የቴኔሲና የቨርጂኒያ ድንበር የሚያልፍባት ከተማ ናት፣ አንዱን እግርህን እዚህ ሌላውን እዛ ማድረግ ትችላለህ። ራልፍ ፒር የሚባል የቪክተር ሸክላ ኩባንያ ሰው እዛ ጊዜያዊ ስቱዲዮ ተክሎ የተራራ ዘፋኞችን ይቀርጽ ነበር። ሜይቤል 18 ዓመቷ ነው፣ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወር ከምናምን ቀርቷታል፣ ሳራ ጡት የሚጠባ ልጅ ይዛለች። ካርተር ፋሚሊ በሚል ስም በሁለት ቀን ስድስት ዘፈን ቀረጹ፣ ለአንዱ 50 ዶላር፣ ድምሩ 300 ዶላር። በዛው ሰሞን የካንትሪ ሙዚቃ አባት የሚባለው ጂሚ ሮጀርስም እዛው ተቀረጸ፣ እና ዛሬ ብሪስቶል የካንትሪ ሙዚቃ የትውልድ ቦታ ትባላለች፣ ኮንግረሱም በ1998 አጽድቆላታል።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ልበል። ኤፒ ዘፈኖቹን ሁሉ ከራሱ አላመነጨም። ከመንደር መንደር እየዞረ አሮጊት ሽማግሌ እያዘፈነ ይሰበስብ ነበር። ግጥሙን ይጽፋል፣ ዜማው ግን አይያዝለትም። ዜማውን የሚይዝለት ሌስሊ ሪድል የሚባል ጥቁር ጊታሪስት ነበር፣ በአደጋ አንድ እግሩን ያጣ ሰው፣ እጁም ሙሉ ጣት የለውም፣ በዛ እጅ ነው ሜይቤል ራሷ የተማረችበትን ጊታር የሚመታው። ዘፈኖቹ በኤፒ ስም ተመዘገቡ፣ ሪድል ስሙ የትም የለም፣ ማይክ ሲገር የሚባል ሙዚቀኛ በ1960ዎቹ ፈልጎ እስኪያገኘውና እስኪቀርጸው ድረስ። አዝማሪ ቤት ያደገ ሰው ይሄ ታሪክ አዲስ አይሆንበትም። ለምን እንዳነሳሁት በኋላ ላይ ይገባችኋል።

ትዳሩ ፈረሰ፣ ሳራ የኤፒን አጎት ልጅ አግብታ ካሊፎርኒያ ገባች፣ ቡድኑም 1943 ላይ ተበተነ። ሜይቤል ከሶስት ሴት ልጆቿ ጋር ቀጥላ ናሽቪል ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሚባለው ታዋቂ የካንትሪ ሙዚቃ ሬዲዮ ዝግጅት ድረስ ደረሰች። ኤፒ ግን ወደ ሸለቆው ተመለሰ፣ መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ከፈተ፣ ስኳር፣ ጨው፣ ሚስማር የሚሸጥበት ቤት። በቃ ጡረታ ነው። ግን ያው እንደኛ ጡረተኛ አርፎ አይቀመጥም፣ በ1950ዎቹ ሱቁ አጠገብ የውጪ መድረክ ሰርቶ የሙዚቃ ዝግጅት ማዘጋጀት ጀመረ። ሳራን ሳይቀር ጠርቶ አብረው ዘፈኑ፣ ልጆቹ ጃኔትና ጆ አጀቡት፣ አክሚ ለሚባል ትንሽ ኩባንያ ሸክላም ቀረጹ። አልያዘም። ጊዜው ኤልቪስ የመጣበት ነው፣ ወጣቱ ኤሌክትሪክ ጊታር ነው የሚፈልገው፣ የኤፒ ሙዚቃ የአያት ሙዚቃ ሆኗል። ህዳር 1960 ሞተ፣ ያኔ የሚያስታውሰው ሰው ብዙ አልነበረም። ከመሞቱ በፊት ግን ልጁ ጃኔት ሙዚቃህን አላስጠፋም ብላ ቃል ገባችለት።

የጉዳዩ ባለቤት እንግዲህ እሷ ናት። ጃኔት ካርተር በ1923 ነው የተወለደችው፣ ልጅ ሆና ከቤተሰቡ ጋር የሜክሲኮ ድንበር ላይ ያለው ትልቅ ሬዲዮ ጣቢያ ላይ ዘፍናለች፣ ከዛ አገባች፣ ወለደች፣ ፈታች፣ ትምህርት ቤት ኩሽና ውስጥ ለተማሪ ምሳ የምታበስል ሴት ሆነች። ኮከብ አልነበረችም። ቃሏን ከገባች 14 ዓመት አለፈ፣ ምንም የለም። እኔ ይሄን 14 ዓመት በጣም ነው የምወደው፣ ምክንያቱም እኛ ሰው ቃል ገብቶ ሁለት ወር ከዘገየ "ወሬኛ" እንለዋለን።

በ1974 ክረምት፣ 51 ዓመቷ ላይ፣ የአባቷን የድሮ ሱቅ ጠርጋ ወንበር ደረደረችና ቅዳሜ ማታ ሙዚቃ አለ አለች። መጡ። ሱቁ ጠበበ፣ ሰው ውጪ ቆመ። ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ወንድሟ ጆ፣ እሱ ደግሞ እጁ የማይሰራው ነገር የለም፣ ከሱቁ አጠገብ ቁልቁለቱን ተጠቅሞ ትልቅ የእንጨት መጠለያ ሰራ፣ መቀመጫው እንደ ደረጃ ወደ መድረኩ የሚወርድ። ስሙን ፎልድ አሉት። ቃሉ የበግ በረት ማለት ነው። 1979 ላይ ደግሞ በህግ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆነው ተመዘገቡ፣ እዚህ አገር ያለን ሰዎች ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ የምንለው ማለት ነው፣ ዓላማው የተራራውን አኩስቲክ ሙዚቃ ማቆየት። ሱቁ ሙዚየም ሆነ፣ ኤፒ የተወለደበት የግንድ ጎጆም በኋላ ተነቅሎ መጥቶ ግቢው ውስጥ ተተከለ።

አሁን የሄድኩበትን ቅዳሜ ልንገራችሁ። ከዋናው መንገድ ወጥተህ የኤፒ ካርተር ስም የተሰጠው ጠባብ መንገድ ትይዛለህ፣ ግራና ቀኝ ከብት፣ የሳር ክምር፣ ጂፒኤሱ ራሱ ግራ የገባው ይመስላል። መኪና የሚቆመው ሳር ላይ ነው። በር ላይ ያን ቀን አዋቂ 10 ዶላር ነበር፣ ትንንሽ ህጻናት በነጻ። ለአገልግሎት ክፍያ፣ ለኦንላይን ምናምን የሚባል ጭማሪ የለም፣ ካሽ ሰጥተህ ትገባለህ። መጠጥ የለም፣ ቢራ እንኳን። የሚሸጠው ቡና፣ ለስላሳ፣ ባቄላ ነገር ከበቆሎ ዳቦ ጋር፣ ቤት የተጋገረ ኬክ፣ ሻጮቹም የጎረቤት ሴቶች ናቸው፣ በበጎ ፈቃድ። የኛን የቤተክርስቲያን ኩሽና አስታወሰኝ፣ እንጀራው ነው የጎደለው።

ልክ 1 ሰዓት ተኩል ሲል ጀመረ። ሰዓቴን ሁለቴ አየሁ። ፊድል፣ ባንጆ፣ ጊታር፣ ቤዝ፣ ሁሉም ያለ ኤሌክትሪክ፣ ማይክ ብቻ አለ። መድረኩ ፊት ለፊት ባዶ ወለል አለ፣ ሁለተኛው ዘፈን ላይ አንዲት 80 ዓመት የሚሆናቸው ሴትዮ ከወንበራቸው ተነሱ፣ ጫማቸውን አወለቁና ከቦርሳ ሌላ ጫማ አወጡ፣ ስሩ ብረት የተመታበት። አደረጉትና ወለሉ ላይ ወጡ። ከወገባቸው በላይ ምንም አይንቀሳቀስም፣ እጃቸው ወደታች ነው፣ እግራቸው ብቻ ጠጠጠጠጥ ይላል፣ ልክ የእኛ ትከሻ ወደ እግር የወረደ ነው የሚመስለው። ከዛ ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ አጠገባቸው ገባ፣ ከዛ አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ ከዛ ወለሉ ሞላ፣ እና የብረቱ ድምጽ ራሱ ከበሮ ሆነ፣ ባንዱ ከበሮ መቺ የለውም፣ ከበሮው ታዳሚው ነው። 4 ሰዓት ገደማ አለቀ። ልጆቹ ሳይተኙ ቤታቸው ገቡ።

እና ወደ ጥያቄው ልመለስ፣ ያው ሸለቆ፣ ያው ሙዚቃ፣ ያው ቤተሰብ፣ አባትየው ላይ ያልሆነው ልጅቷ ላይ ለምን ሆነ?

አንዱ ምክንያት ጊዜ ነው፣ ይሄን መካድ አይቻልም። ከ1960 በኋላ የኮሌጅ ወጣቶች የድሮ ባህላዊ ሙዚቃ ፍለጋ ገጠር ለገጠር መዞር ጀምረው ነበር፣ ካርተር ፋሚሊ በ1970 የካንትሪ ሙዚቃ የዝና አዳራሽ ገቡ፣ ከቡድን የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው፣ በ1972 ደግሞ ሜይቤል ከወጣት ሂፒ ሙዚቀኞች ጋር የሰራችው ሶስት ሸክላ ያለው አልበም ወጥቶ አዲስ ትውልድ ስሟን አወቀ። የታዋቂው የካንትሪ ዘፋኝ የጆኒ ካሽ ሚስት የሜይቤል ልጅ ጁን መሆኗም ስሙን ሞቅ አድርጎታል። ስለዚህ ጃኔት በሩን ስትከፍት ውጪ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ኤፒ ሲከፍት አልነበረም።

ግን ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሁለት ሶስት ዓመት ሞቅታው ሲያልፍ ያልቅ ነበር። ያላለቀው በየሳምንቱ ስለሆነ ይመስለኛል። እኛ ዝግጅት ስንል በዓመት አንዴ ትልቅ ነገር ነው፣ እና በየዓመቱ ከዜሮ ነው የምንጀምረው፣ ፍላየር፣ ቲክቶክ፣ ስልክ፣ ልመና። ቅዳሜ ከሆነ ቅዳሜ ነው የሚለው ነገር ግን ራሱ ፕሮሞሽን ነው፣ ሰው "በዚህ ሳምንት አለ ወይ" ብሎ አይጠይቅም። የኛ እድር 40 ዓመት የሚቆየው ለምንድነው? ስብሰባው የወሩ የመጀመሪያ እሁድ መሆኑን ማንም ስለማይረሳው አይደል።

ሁለተኛው ህጉ ነው። ኤሌክትሪክ መሳሪያ አይገባም። መጀመሪያ ሳየው የሽማግሌ ግትርነት ነበር የመሰለኝ፣ ቁጭ ብዬ ሂሳቡን ስሰራው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ኤሌክትሪክ ከሌለ ትልቅ ሳውንድ ሲስተም የለም፣ ሳውንድ ኢንጂነር የለም፣ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ሳውንድ ቼክ የለም፣ ስለዚህ በሰዓቱ ይጀመራል፣ የሚመጣው ባንድ በአንድ ቫን ይመጣል፣ ታዋቂው ደግሞ ህጉን ሲሰማ ራሱ ይቀራል። ህጉ ወጪውን ቆረጠው። መጠጥ መከልከሉም እንደዛ ነው፣ መጠጥ ከሌለ የመጠጥ ፈቃድ የለም፣ ጠብ የለም፣ ሴኪዩሪቲ የለም፣ ህጻን ይዞ ይመጣል። እንበልና 300 ሰው በ10 ዶላር ቢገባ 3,000 ዶላር ነው፣ ይሄ የእኔ ስሌት ነው የነሱ መዝገብ አይደለም፣ ግን አስቡት፣ በ3,000 ዶላር አምስት ሰው ያለው የአካባቢ ባንድ ከፍለህ፣ መብራት ከፍለህ፣ ከኬኩ የሚገባውን ጨምረህ ይተርፍሃል። እኛ አምና በአንድ ሌሊት ከዛ በላይ ለአውሮፕላንና ለሆቴል ብቻ አወጣን። በርግጥ በቲኬት ብቻ አይኖሩም፣ የኪነ ጥበብ ግራንትም አለ፣ ሰውም ይለግሳል፣ ግን ግራንት የሚሰጥህ አካል መጀመሪያ የሚያየው ባለፉት ዓመታት ምን ሰራህ የሚለውን ነው፣ እነሱ ደግሞ በየሳምንቱ የሚያሳዩት አላቸው።

ለህጉ አንድ ሰው ብቻ ነበር ከሱ ውጪ የሚሆነው፣ ጆኒ ካሽ። እሱ የኛ ሳይሆን በፊት ነው ኤሌክትሪክ የገባበት እያሉ ቤተሰቡ ይቀልዱ ነበር ይባላል። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ሰው ከሚስቱ ጋር እየመጣ የዘመድ ቤት እንደመጣ ይዘፍን ነበር። ጁን ግንቦት 2003 ሞተች። ካሽ በዛው ዓመት ሐምሌ 5 ታሞ፣ ተደግፎ፣ አይኑም ደክሞ እዛ መድረክ ላይ ወጣና ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፈነ፣ የጁን መንፈስ ዛሬ ማታ ከላዬ ነው እያለ። ለህዝብ የዘፈነበት የመጨረሻው ቀን ነው፣ መስከረም ላይ አረፈ። ስታዲየም የሚሞላ ሰው የመጨረሻውን ያደረገው የበግ በረት በሚባል መጠለያ ውስጥ ነው። ኮሚቴያችን ይሄን ስነግራቸው "በቃ እኛም ስም ያለው ዘመድ ያለው ሰው እንፈልግ" አሉኝ፣ ከታሪኩ የያዙት እሱን ብቻ ነው።

እና እዚህ ጋ ሐቁን እንናገር። የካርተር ስም ትልቅ ካፒታል ነው፣ እኛ የለንም። ስሙ ባይኖር የትምህርት ቤት ወጥ ሰሪዋ ሱቅ ውስጥ ወንበር ብትደረድር ስንት ሰው ይመጣ ነበር? ስሙ ደግሞ በከፊል በሌስሊ ሪድል ጆሮ የተሰራ ነው፣ ለዛ ነው ቅድም ያነሳሁት። በጎ አድራጎት ስንሰራ የማንን ላብ በማን ስም እንደምናቀርብ መጠየቅ አለብን፣ እኛ ፍላየራችን ላይ የዘፋኙን ፎቶ ትልቅ አድርገን ማሲንቆ መቺውን "እና ሌሎችም" ብለን ነበር የጻፍነው። ሁለተኛው ድክመት ሁሉም ነገር ቤተሰቡ ላይ መንጠልጠሉ ነው። ጆ በ2005 ሞተ፣ ጃኔት ጥር 2006። እንደ እድል ሆኖ ልጇ ሪታ ፎረስተር ተረከበችው፣ ቅዳሜውም ቀጠለ። ባትኖርስ?

ጃኔት ከመሞቷ ጥቂት ወራት በፊት፣ በ2005፣ የአሜሪካ የኪነ ጥበብ ድጋፍ ተቋም ብሔራዊ የቅርስ ሽልማቱን ሰጣት። የተሰጣት ክፍል በቤስ ሎማክስ ሐውስ ስም የተሰየመው ነው፣ እሱ ደግሞ ባህሉን ላቆዩና ለህዝብ ላደረሱ ሰዎች ነው የሚሰጠው። በድምጿ አይደለም ማለት ነው። ወንበር በመደርደሯ ነው የተሸለመችው፣ በእኔ አማርኛ።

ከጉዞው እንደተመለስኩ ኮሚቴውን ቤቴ ሰበሰብኩ። ትልቁ አዳራሽ ይቅር፣ የቤተክርስቲያኑን ምድር ቤት እንያዝ፣ 80 ሰው ይይዛል፣ የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ክራርና ማሲንቆ፣ መግቢያ 10 ዶላር፣ 1 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ 4 ሰዓት ያልቃል አልኩ። አንዱ ወጣት፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ "ጋሼ፣ አርቲስት ሳንጠራ ማን ይመጣል?" አለኝ። እሺ ለስድስት ወር እንሞክረው ተባለ። የሁሉም ተጫዋች ስም በእኩል ፊደል ይጻፍ የሚለውን ማንም አልተቃወመም። ቡናውን ባለቤቴና ሁለት ጓደኞቿ ይዘውታል። ቢራው ላይ ተከራክረን ቀርቷል፣ ኪቦርድ ይግባ አይግባ የሚለው ላይ ግን ሌሊቱ እስኪጋመስ ተጨቃጭቀን ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳድረነዋል።